ኮሮና ምን አስከፈለን? ሀዋሳ ውስጥ ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ቅዳሜ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን የኮሮና ነገር ተነሳ። "ያ ሁሉ ግርግር ለምን ነበር?" አለ አንዱ ጓደኛችን። ሌላው ቀጠለና "በሽታው ሳይሆን ክልከላው ነው የጎዳን" አለ። ብዙ ሰው እንዲህ ሲል እሰማለሁ። እኔ ደግሞ ነገሩን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፤ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ የምንወስነው ያለፈውን በቆጠርንበት መንገድ ነውና።

"እኛን ብዙም አልነካንም"

በኢትዮጵያ በኮሮና ሞቱ ተብለው የተመዘገቡት 7,500 ገደማ ሰዎች ናቸው። ለአገሪቱ ሕዝብ ትንሽ ቁጥር ይመስላል። ግን ይህ ተመርምረው የተገኘባቸውን ብቻ የሚቆጥር ነው። ሳይመረመሩ ቤታቸው ያረፉ አባት እዚህ ውስጥ የሉም።

ለዚህ ነው ባለሙያዎች ሌላ ስሌት የሚሠሩት። በደህናው ጊዜ በዓመት ስንት ሰው ይሞት ነበር? በወረርሽኙ ጊዜስ ስንት ሞተ? የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ መንገድ ሲያሰላ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 ከተለመደው በላይ የሞተው ሰው 14.9 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት አገሮች ያስመዘገቡት ግን 5.4 ሚሊዮን ብቻ ነበር።

አብዛኛው ሕዝባችን ወጣት መሆኑ እንደጠቀመን አልክድም። ቢሆንም "ቀለለልን" እና "አልነካንም" አንድ አይደሉም። በ1911 ዓ.ም. የህዳር በሽታ ስንት ወገን እንደወሰደ በትክክል ቆጥሮ ያስቀመጠልን የለም። ህዳር 12 ቆሻሻ ስናቃጥል ግን ዛሬም ይታወሰናል።

"በሽታው ሳይሆን ክልከላው ነው ኑሮውን የገደለው"

እስቲ እናስታውስ። የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ ታክሲ ግማሽ ሰው መጫን ጀመረ። እንደ ብዙ አገሮች ግን ሕዝቡ በሙሉ ከቤት እንዳይወጣ አልተደረገም። አብዛኛው ሥራ ክፍት ነበር።

ታዲያ እናቴ ግቢ ተከራይተው የነበሩት አራት ልጆች ምን ሆኑ? አራቱም በአንዲት ክፍል እየኖሩ ልብስ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። የሚሰፉት ሸሚዝ የሚሸጠው ውጭ አገር ነው። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ሱቆች ሲዘጉ ትዕዛዝ ተሰረዘ። ልጆቹ መጀመሪያ እረፍት ውጡ ተባሉ፤ ቆይቶ ሁለቱ ወደ ገጠር ተመለሱ። አንዷ ፍራሿን እናቴ ጋ አስቀምጣ "እመለሳለሁ እትዬ" ብላ ሄደች። ፍራሹ ዛሬም እዚያው ነው።

ሀዋሳ ውስጥ ማንም በር አልዘጋባትም። ሐይቁ ዳር ያሉት ጀልባ ቀዛፊዎችም እንደዚያው ናቸው፤ ጀልባ አትቅዘፉ ከመባላቸው በፊት እንግዳው ራሱ ፈርቶ ቀርቷል። የዓለም ባንክ እንደሚለው በ2020 ብቻ ወደ 70 ሚሊዮን ሰው ወደ ከፋ ድህነት ገብቷል። ክልከላው የራሱ ዋጋ ነበረው፤ በተለይ የዕለት ጉርሱን በዕለቱ ለሚያገኝ ሰው። ግን ክልከላውን ብናነሳው በሽታው፣ ፍርሃቱና የዓለም ገበያው አብረው አይነሱም ነበር።

"ጉዳቱ በኮሮና የሞተው ሰው ብቻ ነው"

ይሄ ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ነው። እናቶች ጤና ጣቢያ መሄድ ፈሩ። ጤና ባለሙያው ወደ ኮሮና ዞረ። በ2021 በዓለም ዙሪያ 25 ሚሊዮን ሕፃናት የትክትክና የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ክትባታቸውን ሳይጨርሱ ወይም ጭራሽ ሳይጀምሩ ቀሩ። ከአሥር ዓመት በላይ ሲቀንስ የነበረው የቲቢ ሞት በ2020 ተመልሶ ጨመረ። የወባ ሞትም በአሥር ሺዎች ጨመረ። ወባን እኛ ሀዋሳዎች እናውቃታለን፤ ሕክምና አንድ ሁለት ቀን ሲዘገይ ምን እንደምታደርግ ነጋሪ አያሻንም።

"ትምህርት ቤት ቢዘጋ ምን አለበት፣ ልጅ ይደርሳል"

የእኛ ትምህርት ቤቶች መጋቢት 7 ተዘግተው በጥቅምት 2013 ቀስ በቀስ ተከፈቱ። ኡጋንዳ ውስጥ ደግሞ እንደተዘጉ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀረም ነበር። ስልክና ኢንተርኔት ያለው ቤት በቴሌግራም የቤት ሥራ ተላከለት። ሌላው ልጅ ሎተሪና ማስቲካ ይዞ ወጣ። ማንበብ ሊጀምር ሲል የተቋረጠበት ልጅ የሚከፍለው ያን ዓመት አይደለም፤ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ነው።

"የሰው ሕይወት በገንዘብ አይተመንም፣ ማመዛዘን ነውር ነው"

ሐሳቡን አከብራለሁ። ግን ማመዛዘን ማለት ሰው ላይ ዋጋ መለጠፍ አይደለም። ማን ምን እየከፈለ እንደሆነ መጠየቅ ነው። ካልጠየቅን ውሳኔው አይቀርም፤ ድምፅ የሌለው ሰው ላይ ይወድቃል።

ገንዘብ የማይገልጸው ጉዳትም በዚህ ሂሳብ ይገባል። በ2012 ክረምት ሰፈራችን ውስጥ አንድ ወጣት አረፈ። ዕድሩ ድንኳን አልጣለም። ጥቂት ሰው ቀበረው፤ ጎረቤት ከሩቅ ቆሞ አለቀሰ። እናቱን ማንም አቅፎ አላጽናናቸውም። እሳቸው እስከ ዛሬ "ልጄ አልተለቀሰለትም" ይላሉ።