ኦል ኢን ሲባል መልሶ ማሳደግ የማይፈቀደው መቼ ነው?

በቴክሳስ ሆልደም (የፖከር ካርታ ጨዋታ) ውድድር ጀማሪን ከዳኛ ጋር የሚያጨቃጭቅ ሕግ ነው። ኦል ኢን፣ ማለትም ያለን የውርርድ ቺፕ ሁሉ መግፋት፣ ሁልጊዜ ሙሉ ጭማሪ አይደለም።

ብላይንዱ፣ ማለትም ሁለት ተጫዋቾች ካርታ ሳያዩ የሚያስቀምጡት የግዴታ ውርርድ፣ 100 እና 200 ነው እንበል። አንዱ ወደ 600 አሳደገ፤ ጭማሪው 400 ስለሆነ ከዚያ በላይ ማሳደግ የሚፈልግ ቢያንስ 1,000 መድረስ አለበት። ሌላው ያለው 800 ቺፕ ብቻ ነውና ሁሉንም ገፋ። 200 ብቻ ስለጨመረ ውርርዱን እንደገና አይከፍትም፤ ማለትም አስቀድሞ ለተጫወተው መልሶ የማሳደግ መብት አይሰጥም። ተራው ያልደረሰው ቢግ ብላይንድ (200 ያስቀመጠው) ማሳደግ ይችላል፤ ባለ 600ው ግን ቢግ ብላይንዱ በሙሉ ጭማሪ ካልከፈተለት ምርጫው መክፈል ወይም መጣል ነው።

ሌሎቹ ከወጡ መጣሉ ሞኝነት ይመስለኛል። መሃል 1,700 ተከምሮ የሚጠየቀው 200 ነው፤ ስለዚህ ከመቶ 11 ጊዜ ያህል ማሸነፍ ይበቃል። ደካማ የሚባሉት ሁለትና ሰባት እንኳ ጥንድ አስን ከመቶ 12 ጊዜ ያህል ያሸንፋሉ።