የሞተር ሳፖርት ምንድን ነው? ሞተር ተቀይሮ መኪናው ሲንቀጠቀጥ

ሞተር የተቀየረለት መኪና ቆሞ ሲሰራ ከተንቀጠቀጠ እኛ ጋ ሁለት መልስ ብቻ ነው ያለው። አንደኛው «የገዛኸው ሞተር የሞተ ነው»። ሁለተኛው «ሳፖርቱን አጥብቀው»። ደብረ ብርሃን ብትጠይቁ፣ ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ፣ መሐል ሜዳ ብትወጡ ያው ነው። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው «ሳፖርት ማለት ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያስር ነገር ነው፣ ጥብቅ ካለ ሥራውን ጨርሷል» ብሎ እንደ ባለሙያ ሲያስረዳ ሰማሁ። የሰሙትም አመኑት። በዚህች አባባል የተነሳ ጤነኛ ሞተር ወርዶ ሲጣል ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሳፖርት ሞተሩና ቦዲው መሐል የሚቀመጥ ጎማ ነው። ብረቱ ያለው ጎማውን ለመያዝ ነው። ሥራው ማሰር ብቻ ቢሆን ኖሮ ፋብሪካው ሞተሩን ብረት ለብረት በቡሎን ገጥሞ ይገላገል ነበር፣ እሱም ይረክሳል። ጎማ ያስገቡበት ሞተር ሁልጊዜ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። አዎ፣ ሁልጊዜ፣ አዲሱም ጭምር። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 750 ዙር እየዞረ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሰራ) ሲሆን፣ በሰከንድ 25 ጊዜ ነዳጅ ያቃጥላል፣ 25 ጊዜም ይመታል። ያ ምት የትም አልጠፋም። እናንተ ጋ ያልደረሰው ሳፖርቱ መሐል ላይ ስለዋጠው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ሞተሩ ለምን ተንቀጠቀጠ?» ሳይሆን «ንዝረቱ በየት በኩል ወደ ቦዲው ገባ?» ነው።

አንቀልባን አስቡት፣ ልጁ ሞተሩ ነው፣ አንቀልባው ሳፖርቱ። ጤነኛ ልጅ ጀርባ ላይ ሆኖ ይራገጣል። እናቱ ከልክ በላይ አጥብቃ ካዘለችው እያንዳንዷ ርግጫ ወገቧ ላይ ታርፋለች። አላልታ ካዘለችው ልጁ ወዲያ ወዲህ ይወረወራል። አጣማ ካዘለችው አንዱ ማሰሪያ ትከሻዋን ሲቆርጣት ሌላው ሥራ ፈትቶ ይንጠለጠላል። ለአራት ወር ሕፃን የተሰራ አንቀልባ ላይ የሁለት ዓመት ልጅ ካዘለችበትም ቆዳው እስከ መጨረሻው ተወጥሮ ምንም አያቅፍም። በእነዚህ ሁሉ ልጁ ጥፋት የለበትም። ልጁ ታሞ የሚንፈራገጥ ከሆነ ደግሞ አሥር አንቀልባ ቢቀየር አይረዳውም። መጀመሪያ የቱ እንደሆነ መለየት ነው።

«አዲስ ሳፖርት ነው የገጠምነው» የሚለውን እንይ። አብዛኛው ጥፋት የሚሰራው እዚህ ነው። ሞተሩ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ፣ ክብደቱ ገና ሳፖርቱ ላይ ሳያርፍ፣ አንዱን ጎን ግጥም አድርገው ያጠብቁታል። ሌላው ቀዳዳ አልገጥም ሲል በብረት ፈልቅቀው ያስገቡትና እሱንም ያጠብቁታል። ጎማው እንደተጠመዘዘ ቀረ። የተጠመዘዘ ጎማ ደግሞ እንደ ድንጋይ ነው፣ ምንም አይውጥም። ትክክለኛው አገጣጠም ቡሎኖቹን ሁሉ በእጅ አስይዞ፣ የሞተሩንና የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ክብደት ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፣ ወዲያ ወዲህ ነቅነቅ አድርጎ በራሱ ቦታ እንዲተኛ ማድረግ፣ ከዚያ በኋላ ማጥበቅ ነው። የተገጠመውንም ቢሆን ቡሎኖቹን አላልቶ፣ ሞተሩን ነቅንቆ እንደገና ማጥበቅ ይቻላል። ይህችን ብቻ አድርገው መኪናው ጸጥ ያለላቸው ብዙ ናቸው፣ ሌላ ሞተር ከመግዛት ጋር አታወዳድሯት።

ሌላው የሳፖርቱ ዓይነት ነው። አንዳንዱ ሳፖርት ውስጡ ፈሳሽ አለበት፣ ሚኒሞ ላይ ያለውን ምት የሚያለዝበው እሱ ነው። ሲፈስ ከሥሩ ጥቁር እርጥበት ታያላችሁ። በእሱ ምትክ ድፍን ጎማ ሲገባ፣ ወይም ከአሮጌ የከባድ መኪና ጎማ ተቆርጦ ሲሰራ፣ ይይዛል፣ ይጠብቃል፣ ንዝረቱን ግን ሳይቀንስ ያሳልፈዋል። የማንዋልና የአውቶማቲክ ሳፖርት የሚለያይባቸው መኪናዎችም አሉ፣ ቀዳዳው ገጠመ ማለት ትክክለኛው ነው ማለት አይደለም። ባለሦስት ሲሊንደሩን የቪትዝ ሞተር ደግሞ ከኮሮላ ጋር አታወዳድሩት፣ በተፈጥሮው ትንሽ ይወዛወዛል። ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ውርጭ ሲጥል ጎማው ስለሚደርቅ መጀመሪያ ላይ ያለችውን ትንሽ መርገብገብም እንደ ብልሽት አትቁጠሩ። ሞተሩ ሲሞቅ እዩት።

ንዝረት በሳፖርት በኩል ብቻ አይገባም። የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ቧንቧ፣ የኤሲ ቧንቧ፣ የራዲያተር ማራገቢያ መሸፈኛ፣ ሞተሩ ጥቂት ሚሊሜትር ዘምሞ ሲቀመጥ ቦዲውን የሚነካ ማንኛውም ብረት ያስገባዋል። መኪናው ሥር በባትሪ ግቡና ፈልጉ። የነካበት ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ያበራል፣ ዙሪያው አቧራ አለ፣ እዚያች ነጥብ ላይ ግን የለም። የታጠፈ ወረቀት መሐሉ ካላለፈ አገኛችሁት ማለት ነው። ሙቅ ማርሚታ ላይ እንዳትሞክሩት ብቻ።

ታዲያ ልጁ ራሱ ታሞ እንደሆነ በምን ይታወቃል? በምቱ። ከአራቱ ሲሊንደር አንዱ ካልሰራ ያ ፈጣን ንዝረት ላይ ሌላ ቀርፋፋ ምት ይጨመራል፣ ሚኒሞ ላይ በሰከንድ 6 ጊዜ ገደማ፣ ወንበሩን ገፋ ገፋ የሚያደርግ። ይህ ከሳፖርት ንዝረት ፈጽሞ ይለያል። የሳፖርቱ ንዝረት ድምፅ ያለው፣ እኩል የሆነ፣ መሪና መስታወት የሚያንቀጠቅጥ ነው። አውቶማቲክ ከሆነ ፍሬን ይዛችሁ ዲ ላይ አስገቡት። ዲ ላይ ብሶ ኤን ላይ ሲመለስ ከለቀቀ መጀመሪያ ሳፖርቱን ጠርጥሩ። ማንዋል ከሆነ ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) አድርጋችሁ ፍሪሲዮን እርገጡ። ስትረግጡ ንዝረቱ ከተቀየረ ነገሩ ያለው ሞተርና ካምቢዮ የሚገናኙበት ቦታ ነው። እዚያ ሁለቱን በትክክል የሚያገጣጥሙ ትንንሽ ፒኖች አሉ፣ ብዙ ጊዜ አሮጌው ሞተር ላይ ይረሳሉ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በማርሽ ስትወርዱ ነዳጅ በለቀቃችሁ ቁጥር «ጓ» የሚል ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ወደፊትና ወደኋላ እንዳይንጋለል የሚይዘው ሳፖርት አልቋል። ቆሞ የሚንቀጠቀጥን መኪና «ጎማ ባላንስ አስደርግ» ለሚሉት አንድ ነገር ብቻ ልበል፣ የቆመ መኪና ጎማው አይዞርም።

አንዱ ሲሊንደር ነው ከተባለም ሞተሩን ለመኮነን አትቸኩሉ። ሲገጠም ያልተሰካ የቫኩም ቱቦ፣ የተረሳ ከሞተር ወደ ቦዲ የሚሄድ የኔጋቲቭ ገመድ፣ አንድ ጥርስ የዘለለ የታይሚንግ ቺንጋ፣ ሁሉም ያንቀጠቅጣሉ። አንዳንድ የሚትሱቢሺ ሞተሮች ንዝረቱን ለማጥፋት የራሳቸው ባላንስ ዘንግ አላቸው፣ ያ ዘንግ አቀማመጡ ከተሳሳተ ንዝረቱን ያባብሰዋል። የማይሰራውን ሲሊንደር ለመለየት የኮይሉን (ለካንዴላ እሳት የሚሰጠው ዕቃ) ሶኬት በየተራ ንቀሉ፣ ስትነቅሉት ለውጥ ያላመጣው እሱ ነው። የካንዴላ ገመድ ነቅሎ አየር ላይ ማንጠልጠል ግን ኮይል ሊያቃጥል ይችላል።

ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) ሲለካም አንድ ነገር ልብ በሉ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ሳስቷል። የፋብሪካው መጽሐፍ 12 ባር ነው የሚለው ሞተር እዚህ 8 ተኩል ወይም 9 ቢያሳይ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ያው ሞተር ሸዋ ሮቢት ወርዶ ሲለካ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከመጽሐፉ ጋር ሳይሆን አራቱን ሲሊንደር እርስ በርስ አወዳድሩ። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ በጣም ከወረደ እሱ እውነተኛ ችግር ነው። አራቱም ተቀራርበው «ደካማ ነው፣ ሌላ ሞተር ግዛ» ከተባላችሁ ግን ብራችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉና የሳፖርቱን ቡሎኖች አስላሉ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር መኖሩንም አትርሱ፣ ሞተር በተቀየረ ቁጥር ያም አብሮ መስተካከል አለበት።