ባሌ ተራራ ላይ መጀመሪያ የኖረው ማን ነው?

ባሌ ሲነሳ ትዝ የሚለን ቀይ ቀበሮው፣ ኒያላውና ሳነቴ የሚባለው ከፍተኛ አምባ ነው። የጥንት ሰው አይታሰበንም። ከዚያ የተነሳ ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ ነገሮች አሉ።

«እዚያ ብርድ ላይ ሰው የወጣው በቅርቡ ነው»

ፊንጫ ሀበራ የሚባል ዋሻ አለ። ከፍታው 3,469 ሜትር ነው፤ ደጋውን አልፎ ውርጭ የምንለው ቦታ። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት መሠረት ሰዎች እዚያ እሳት አንድደው የኖሩት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። በዓለም ላይ ከሚታወቁት የከፍታ መኖሪያዎች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ዓመት ከዓመት ሳይወርዱ ኖሩ ማለት ግን አይደለም፤ እየተመላለሱ ነበር።

«የበረዶ ዘመን የፈረንጅ አገር ታሪክ ነው»

ይኼ በጣም ያስቆጨኛል። ያኔ የባሌ አናት በግግር በረዶ ተሸፍኖ ነበር። በረዶው ገፍቶ ያመጣቸው ግዙፍ ቋጥኞች ሳነቴ ላይ ዛሬም ቆመዋል። የፊንጫ ሀበራ ሰዎች የሚያድሩት ከዚያ በረዶ ዝቅ ብሎ ባለው ዋሻቸው ነበር።

«ምን በልተው? አላፊ አግዳሚ ይሆናሉ እንጂ»

ፍልፈል በልተው! ባሌ ውስጥ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል ወደ አንድ ኪሎ ይመዝናል። የቀይ ቀበሮው ዋና ምግብም እሱ ነው። ዋሻው ውስጥ የተቃጠለ አጥንቱ በብዛት ተገኝቷል፤ እየጠበሱ ይበሉት ነበር። ውኃ ደግሞ ከሚቀልጠው በረዶ ይወርዳል። ምግብና ውኃ ካለ ለምን አይመላለሱ?

«የእሳተ ገሞራ መሬት ለሰው አይሆንም»

እንዲያውም ከሳባቸው ነገር አንዱ ያ ነው። ባሌ በቀለጠ ዓለት የተሠራ ተራራ ነው፤ ባልጩት የሚባለው መስታወት መሰል ድንጋይም ከዚያው ይወጣል። ባልጩት ሲሰበር ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለታም ይሆናል። የዋሻው ሰዎች መሣሪያ የሚሠሩበትን ባልጩት የሚያመጡት ከ4,200 ሜትር በላይ ወጥተው፣ ከበረዶው ጥግ ነበር። እስቲ አስቡት፣ ያን ሁሉ አቀበት ለድንጋይ!

«ፓርክ ስለሆነ ሰው ያልነካው ምድር ነው»

ፓርክ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፣ በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2023። የኦሮሞ ከብት አርቢዎች ግን ከዚያ በፊት ጀምሮ «ጎዳንቱ» በሚሉት ልማድ ወቅት እየጠበቁ መንጋቸውን ወደ ተራራው ሲያወጡ ኖረዋል። ዝናብና ብርድ ሲመጣ የሚጠለሉት እንዲህ ባሉ ዋሻዎች ውስጥ ነው።