ሊንኩ የሚያሳየውና የሚወስደው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ማውሱን ሊንኩ ላይ ሳሳርፍ ከታች የሚታየው አድራሻ የምሄድበት ነው።»

ሁልጊዜ አይደለም። ብራውዘሩ ከግርጌ የሚያሳየው በዚያች ሰዓት በገጹ ኮድ ላይ የተጻፈውን አድራሻ ነው። ገጹ ግን በጃቫስክሪፕት (ገጹ ውስጥ በሚሠራ የፕሮግራም ኮድ)፣ ልክ ማውሱን በተጫኑበት ቅጽበት፣ አድራሻውን ሊለውጠው ይችላል። ሕጋዊ ድረ ገጾችም ስለሚጠቀሙበት (ጉግል ራሱ የፍለጋ ውጤቶቹ ላይ የትኛው እንደተጫነ ለማወቅ ለዓመታት ሠርቶበታል) ብራውዘሮች እንዲሁ አይከለክሉትም። የኢሜይል አገልግሎቶች ጃቫስክሪፕትን ከመልእክቱ ስለሚያወጡ እዚያ የሚታየው ይሻላል። ያም ሆኖ ሊንኩ ወደ ሌላ ድረ ገጽ የሚያሻግር ሊሆን ይችላል። መታመን ያለበት ከደረሱ በኋላ ላይ የሚያዩት የአድራሻ መስመር ነው፤ ፓስወርድ ከመጻፍዎ በፊት ያንብቡት።

«አድራሻው በማውቀው ስም ከጀመረ ይበቃል።»

አንባቢን በብዛት የሚጥለው ይኸኛው ነው። ከሁለቱ ስላሾች (//) ቀጥሎ የሚመጣውን የመጀመሪያ ነጠላ ስላሽ (/) ይፈልጉ፤ ከእሱ ወደ ግራ በነጥብ የተለዩትን ሁለት ክፍሎች ያንብቡ፤ የድረ ገጹን ባለቤት የሚነግሩት እነሱ ናቸው። «ጉግል.ኮም.ገጽ-ማረጋገጫ.ኔት/» የጉግል ሳይሆን የ«ገጽ-ማረጋገጫ.ኔት» ነው። በ«.ኮም.ኢት» ለሚያልቁ የኢትዮጵያ አድራሻዎች ሦስት ክፍል ይቁጠሩ።

ከዚያ ስላሽ በፊት @ ካለ ደግሞ ከ@ በስተግራ ያለው ሁሉ የተጠቃሚ ስም ሆኖ ይቆጠራል፤ የሚሄዱት በስተቀኙ ወዳለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ላይ በማይክሮሶፍት ብራውዘር በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የተገኘው የደህንነት ቀዳዳ ይህን አባብሶት ነበር፦ ከ@ በፊት አንድ የማይታይ ቁምፊ ሲገባ ብራውዘሩ ቀሪውን አድራሻ ይደብቀው ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2004 ማሻሻያው እንዲህ ያሉ አድራሻዎችን መቀበል አስቆመ።

«ፊደል በፊደል ካነበብኩ አልሸወድም።»

እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ተመራማሪ የአፕልን ስም ሙሉ በሙሉ በሲሪሊክ (ሩሲያኛ በሚጻፍባቸው) ፊደላት አስመዘገበ፤ በዓይን መለየት አይቻልም ነበር። የክሮም ብራውዘር 58ኛ ስሪት እንዲህ ዓይነቱን ስም በ«xn--» በሚጀምር የኮድ ቅርጹ ማሳየት ጀመረ። ከዓይን ይልቅ ፓስወርድ ማናጀር (ፓስወርዶችን የሚያስቀምጥና የሚሞላ ፕሮግራም) ይበልጣል፤ ከተመዘገበው አድራሻ ውጭ በራሱ አይሞላም። ሳይሞላ ከቀረ በእጅ ከመጻፍዎ በፊት ለምን እንደሆነ ይጠይቁ።

«በአድራሻው አጠገብ የቁልፍ ምልክት ካለ ገጹ ታማኝ ነው።»

ምልክቱ የሚናገረው ግንኙነቱ መመስጠሩን ብቻ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰርተፍኬት በነጻ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይገኛል፤ ለአጭበርባሪውም ጭምር። ክሮም ምልክቱን እ.ኤ.አ. በ2023 ያነሳው ሰዎች በዚሁ ስለሚሳሳቱ ነው።

«ስልክ ላይ ማጣራት አይቻልም።»

ሊንኩን ተጭነው ይያዙ፤ አድራሻው ይወጣል። አይፎን ላይ ግን ሳፋሪ የገጹን ቅድመ እይታ ሲያሳይ ገጹን እየከፈተው ነው፤ ቅድመ እይታውን ቢያጠፉት አድራሻው ብቻ ይቀራል። አለበለዚያ ኮፒ አድርገው ማስታወሻ ላይ ይለጥፉትና እዚያ ያንብቡት።