አርኖልድ ፓልመር ካፕ፦ የኮሌጅ ጎልፍ ተጫዋቾች የቡድን ፍልሚያ

ጎልፍ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ሰው ዱላውን ይዞ ብቻውን ሲጨነቅ ነው። አርኖልድ ፓልመር ካፕ ከዚህ ይለያል። በየዓመቱ 24 የአሜሪካ የኮሌጅ ተማሪዎች ከሌላው ዓለም ከተመረጡ 24 ተማሪዎች ጋር ለሦስት ቀን ይፋለማሉ። ሁሉም አማተር (ጎልፍን መተዳደሪያቸው ያላደረጉ) ናቸው፤ የገንዘብ ሽልማትም የለም።

ውድድሩ የተጀመረው በ1997 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። መሥራቾቹ አርኖልድ ፓልመር እና የአሜሪካ የኮሌጅ ጎልፍ አሰልጣኞች ማኅበር ናቸው። ፓልመር የፔንሲልቬኒያዋ የላትሮብ ከተማ ልጅ ነው። አባቱ እዚያው የጎልፍ ሜዳ ተንከባካቢና አስተማሪ ነበሩ። እሱም በዌክ ፎረስት ኮሌጅ ተጫውቶ አልፏል። ከዚያ ሰባት ታላላቅ ዋንጫዎችን አነሳ፣ ጎልፍን ከቴሌቪዥን ዘመን ጋር ያስተዋወቀ ኮከብም ሆነ። በ2016 እስኪሞት ድረስ ስሙ ከዚህ ውድድር አልተለየም። የመጀመሪያው ግጥሚያም የተካሄደው ፍሎሪዳ ኦርላንዶ ባለው በራሱ ክለብ፣ በቤይ ሂል ነበር። አሜሪካ ታላቋን ብሪታንያና አየርላንድን 19 ለ 5 ረታች።

የጨዋታው ዓይነት ማች ፕሌይ ይባላል። በተለመደው የጎልፍ ውድድር የሁሉም ቀን ምቶች ተደምረው ትንሹ ድምር ያሸንፋል። ስለዚህ አንድ ቀዳዳ (ኳሷን ከመነሻ መትቶ ጉድጓድ ውስጥ እስከማስገባት ያለው አንድ ምዕራፍ) ላይ የተበላሸ ሰው የሳምንቱ ልፋት ገደል ሊገባበት ይችላል። በማች ፕሌይ ግን እያንዳንዱ ቀዳዳ ራሱን የቻለ ፉክክር ነው። ኳሷን አራት ጊዜ ውሃ ውስጥ ብትጨምርም የምታጣው ያችን ቀዳዳ ብቻ ነው። ቀጣዩ ላይ እንደ አዲስ ትጀምራለህ። የአንዱ ብልጫ ከቀሩት ቀዳዳዎች ቁጥር ከበለጠ ጨዋታው እዚያው ያበቃል። ያሸነፈ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል፤ አቻ ከወጡ ግማሽ ግማሽ ይካፈላሉ።

መጀመሪያ ጥንዶች ይገጥማሉ። ፎርቦል በሚባለው አጨዋወት አራቱም የየራሳቸውን ኳስ ይመታሉ፣ ከጥንዱ የተሻለው ውጤት ይያዛል። ፎርሰምስ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ሁለት ሰው አንዲት ኳስ በየተራ ይመታል። ጓደኛህ ቁጥቋጦ ውስጥ ከከተታት ጎንበስ ብለህ የምታወጣት አንተ ነህ፤ ደግሞ ፊትህን ማጥቆር አይቻልም። ሦስት ዙር የጥንድ ጨዋታ 36 ነጥብ ይሰጣል። በመጨረሻው ቀን 24 የነጠላ ግጥሚያዎች አሉ። በድምሩ 60 ነጥብ ነው፤ 30½ የደረሰ ዋንጫውን ይወስዳል። ከ60ው ነጥብ 24ቱ ለመጨረሻው ቀን ስለሚቀር፣ እስከ ዋዜማው የመራ ቡድንም እንቅልፍ አይወስደውም።

የአሜሪካ ተጋጣሚ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። እስከ 2002 ታላቋ ብሪታንያና አየርላንድ ነበሩ፤ ከ2003 ጀምሮ መላው አውሮፓ ሆነ። የሙያተኞቹ የቡድን ውድድር ራይደር ካፕም በ1979 ይህንኑ አድርጎ ነበር። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2018 ነው። ተጋጣሚው ከአሜሪካ ውጭ ያለው ዓለም በሙሉ ሆነ፤ ሴቶችም ገቡ። በየቡድኑ 12 ወንድ፣ 12 ሴት። በእኔ እይታ ውድድሩን ከሌሎቹ የለየው ይሄ ነው። ከታወቁት የአማተር ዋንጫዎች ዎከር ካፕ የወንዶች ብቻ፣ ከርቲስ ካፕ የሴቶች ብቻ ነው። እዚህ ግን ወንድና ሴት ተጣምረው ይጫወታሉ፤ የሴቷ ነጥብም ከወንዱ እኩል ይቆጠራል። የዚያን ዓመት ፈረንሳይ ኤቪያን ላይ አሜሪካ 38½ ለ 21½ አሸነፈች። በዓመቱ አርካንሶ ላይ ዓለም አቀፉ ቡድን ተበቀለ። በ2020 ደግሞ ውድድሩ በኮቪድ ምክንያት ወደ ታኅሣሥና ወደ ቤይ ሂል ተዛውሮ፣ ዓለም አቀፉ ቡድን አሜሪካን በሜዳዋ 40½ ለ 19½ ደመሰሳት።

አንድ አስቂኝ ነገር አለ። «ዓለም አቀፍ» የተባለው ቡድን አብዛኛው ተጫዋች አሜሪካ ውስጥ የሚማር ነው። ተጋጣሚው አውሮፓ በነበረበት ዘመን የተጫወተው ስፔናዊው ጆን ራም የአሪዞና ስቴት፣ ኖርዌያዊው ቪክቶር ሆቭላንድ የኦክላሆማ ስቴት ተማሪዎች ነበሩ። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ አንድ ማሊያ ለብሰው የከረሙ ልጆች እዚህ በተቃራኒ ሊሰለፉ ይችላሉ። ቡድኖቹን የሚመሩት የኮሌጅ አሰልጣኞች በመሆናቸው፣ አሰልጣኝም የገዛ ተማሪው ቢገጥመው አይገርምም።

አስተናጋጅ ሜዳዎቹ ተራ አይደሉም። የ2006ቱ የተካሄደው በስኮትላንዱ ፕሬስትዊክ ነው፤ የመጀመሪያው የብሪታንያ ኦፕን በ1860 የተደረገበት ቦታ ነው። የ2023ቱ ደግሞ ከላትሮብ ብዙም በማይርቀው ሎሬል ቫሊ ነበር። ፓልመር በ1975 የአሜሪካን የራይደር ካፕ ቡድን የመራው እዚያ ነው።

በዚህ ውድድር ካለፉት ውስጥ ራም፣ ጀስቲን ቶማስ እና ኮሊን ሞሪካዋ በኋላ ታላላቅ ዋንጫዎችን አንስተዋል። እንግሊዛዊው ሉክ ዶናልድ የዓለም አንደኛ ሆኗል፤ በ2023 እና በ2025 አውሮፓን ለራይደር ካፕ ድል የመራውም እሱ ነው። ከሴቶቹ ጄኒፈር ከፕቾ አለች። እንደ ፓልመር በዌክ ፎረስት የተማረች ናት። በ2019 የመጀመሪያውን የኦገስታ ናሽናል የሴቶች አማተር ውድድር፣ በ2022 ደግሞ የሼቭሮን ሻምፒዮናን አሸንፋለች።