የዶቃ ሽመና፦ መንደፉም ማስተማሩም

ዶቃ መደርደርና ዶቃ መሸመን ይለያያሉ። ሲደረደር ክሩ በቀዳዳው አንዴ አልፎ ይሄዳል። ከተበጠሰ ሁሉም ዶቃ ይበተናል። ሲሸመን ግን ክሩ እየተመለሰ አንዱን ዶቃ ከጎረቤቱ ጋር ያስረዋል። አንድ ዶቃ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አንዳንዴም አምስት ጊዜ ክር ያልፍበታል። ሲያልቅ በእጅ የሚያዘው ነገር ከዶቃ የተሠራ ጨርቅ ነው። ይታጠፋል፣ ይጠቀለላል፣ ቱቦ ይሆናል፣ ድንጋይ ያቅፋል። በፍሬም ላይ የሚሸመን ዓይነትም አለ። እዚህ የማወራው ግን ያለ ፍሬም፣ በአንድ መርፌና በአንድ ክር፣ በጣቶች መሃል ስለሚሠራው ነው።

በዚህ ሙያ ነዳፊውና አስተማሪው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። አንድ አምባር ቀናት ሊፈጅ ይችላል፣ ለዚያ ሁሉ ሰዓት የሚመጥን ዋጋ የሚከፍል ገዢ ደግሞ ጥቂት ነው። ንድፉ ግን አንዴ በደንብ ከተጻፈ ለብዙ ሰው ይደርሳል። ስለዚህ የሙያው እንጀራ ያለው ጌጡ ላይ ብቻ ሳይሆን የጌጡ አሠራር ላይም ነው። ለእኔ አንድ ንድፍ አለቀ የሚባለው ሌላ እጅ ሲደግመው ነው። እኔ ብቻ የምሠራው ነገር ገና ጅምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1927 ግብፅ ውስጥ ጊዛ ላይ ከአንድ መቃብር የዶቃ ልብስ ተገኘ። ከንጉሥ ኩፉ ዘመን የተረፈ ነው፣ ከ4,500 ዓመት በላይ ሆኖታል። ወደ 7,000 የሚጠጉ ዶቃዎች አሉት። ክሩ በስብሶ አልቋል። ሆኖም አንዳንዶቹ ዶቃዎች ከነበሩበት ሳይነቃነቁ ቆይተው ነበር። ከእነሱ አቀማመጥ የመረቡ አሠራር ተነበበና ልብሱ እንደገና ተሰካ። አሁን ቦስተን በሚገኘው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ነው። ይህን ታሪክ ሁሌ ለተማሪዎች እነግራለሁ። የሠራው ሰው አንድም መመሪያ አልተወልንም። ዶቃዎቹ ግን ክሩ የሄደበትን መንገድ ይዘው ቆዩ።

የዛሬው ጥሬ ዕቃ በአብዛኛው ጥቃቅን የመስታወት ዶቃ ነው። አሠራሩ ደስ ይላል። የቀለጠ መስታወት መሃሉ ክፍት እንዲሆን ይደረግና ይሳባል። እየተሳበ ረጅም ቀጭን ቱቦ ይሆናል። ቱቦው ይቆራረጣል፣ ቁርጥራጮቹም በሙቀት እየተንከባለሉ ጠርዛቸው ይለሰልሳል። ቬኒስ በዚህ ንግድ ለዘመናት ስሟ ገናና ነበር። አሁን በሸማኔዎች እጅ የሚገባው በብዛት የቼክና የጃፓን ዶቃ ነው። በቼክ በኩል የያብሎኔትስ አካባቢ የሥራው ማዕከል ሆኖ ቆይቷል። ከጃፓኖቹ ሚዩኪ፣ ቶሆና ማትሱኖ ይታወቃሉ።

የመጠኑ አቆጣጠር ጀማሪን ግራ ያጋባል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ዶቃው ያንሳል። 6/0 ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። 8/0 ወደ 3፣ 11/0 ከ2 ትንሽ የሚበልጥ፣ 15/0 ደግሞ 1.5 ገደማ ነው። መርፌም እንደዚሁ ነው። 12 ቁጥር ከ10 ቁጥር ይቀጥናል። ሚዩኪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ዴሊካ የተባለ ሲሊንደር ዶቃ ሥራውን ቀይሮታል። ግድግዳው ስስ፣ ቀዳዳው ሰፊ፣ መጠኑ እኩል ነው። ጎን ለጎን ሲሰፋ እንደ ንጣፍ ሸክላ ገጥሞ ይቀመጣል። ክብ ዶቃ ደግሞ ጉብ ጉብ ያለ ገጽ ይሰጣል። ሁለቱን እንደየባሕሪያቸው መጠቀም ነው እንጂ አንዱ ከሌላው አይበልጥም።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በማቅለሚያ የተነከረ ዶቃ፣ በተለይ ደማቅ ሮዝና ሐምራዊው፣ ፀሐይ ላይ ሊደበዝዝ ይችላል። ብረት የተቀባውም በላብና በመፋተግ ሊለቅ ይችላል። ለዚህ ነው ንድፍ ከመጀመሬ በፊት ጥቂት ዶቃ ክር ላይ ሰክቼ መስኮት ላይ ለሳምንታት የምሰቅለው። ከመጣው ዶቃ ጥቂቱን ያልተሰቀለ አስቀርቼ አስተያያለሁ። ተማሪዬ ወር ሙሉ ለፍታ የሠራችው አምባር በዓመቱ ነጭ ሲሆን ማየት አልፈልግም።

ስፌቶቹ ብዙ ናቸው። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው በፔዮት ነው። ስሙ የመጣው ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ሃይማኖታዊ ሥርዓት ነው፤ ለሥርዓቱ የሚያገለግሉ ዕቃዎች በዚህ ስፌት ይጌጡ ነበር። የጡብ ስፌት ከፔዮት ጋር መንታ ነው። ያለቀ ሥራ 90 ዲግሪ ቢዞር ሁለቱን ለመለየት ክሩን ማየት ያስፈልጋል። ካሬ ስፌት በፍሬም የተሠራ ይመስላል፣ ጠንካራ ነው፣ ግን ጊዜ ይበላል። ሄሪንግቦን ሁለት ሁለት ዶቃ ወደ ውስጥ እያጋደለ ይሄዳል፤ በደቡብ አፍሪካ ንዴቤሌዎች ስም የንዴቤሌ ስፌት ተብሎም ይጠራል። ራይት አንግል የሚባለው አራት አራት ዶቃ በክብ ያስራል። ክሩ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ይዞራል እንጂ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ለዚህ ነው እንደ ሐር የሚልመጠመጠው።

ፔዮት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ተማሪ የሚያለቅሰው እዚያ ነውና። መጀመሪያ አሥር ዶቃ ይሰካል። ይህ አንድ ረድፍ ይመስላል፣ ግን ሁለት ረድፍ ነው። አሥራ አንደኛው ዶቃ ይነሳል፣ አሥረኛው ይዘለላል፣ መርፌው በዘጠነኛው ያልፋል። ሌላ ዶቃ ይነሳል፣ ስምንተኛው ይዘለላል፣ በሰባተኛው ያልፋል። እንዲህ እያለ እስከ አንደኛው። በዚህ መሃል ዶቃዎቹ ይጠማዘዛሉ፣ ይገለበጣሉ፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ይጠፋል። ሦስተኛው ረድፍ ሲጠብቅ ግን አንድ አንዱ ዶቃ ብቅ ይላል፣ እንደ ዚፕ ጥርስ። ከዚያ ወዲያ እጅ ራሱ ያውቀዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ዶቃዎች ሁለት ቀለም እያፈራረቁ ማሰካት፣ ሦስተኛውን ረድፍ በሌላ ቀለም። ዶቃው 8/0 ወይም 6/0 ይሁን። በመጀመሪያው ቀን 15/0 የሚያስይዝ አስተማሪ ተማሪ ያባርራል።

ንድፍ የሚጀምረው ከሥዕል ነው ብለው የሚያስቡ አሉ። በጠፍጣፋ ሥራ እውነት ነው፤ በካሬ ወረቀት ወይም በኮምፒውተር ላይ ቀለም ይሞላል። ቅርጽ ያለው ሥራ ግን የሚወለደው ከክሩ መንገድ ነው። የትኛው ዶቃ የቱን ይገፋል? የቱ ጋ ሲጨመር ይሰፋል? የቱ ጋ ሲቀነስ ይጎብጣል? ይህ በወረቀት ብቻ አይታወቅም፤ ይሠራል፣ ይፈታል፣ ደግሞ ይሠራል። ቀዳዳውም ልክ አለው። ክር በሞላ ዶቃ መርፌ በግድ ከተገፋ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጥሩ ነዳፊ የእያንዳንዱን ዶቃ ክር ይቆጥራል፤ መቆለፊያው የሚያያዝበትን ቦታ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ያስባል። ጌጥ መጀመሪያ የሚበጠሰው እዚያ ነው።

ሒሳብም አለው። 17 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 20 ዶቃ ስፋት ያለው የዴሊካ አምባር እንውሰድ። አንዱ ዶቃ 1.3 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ዶቃው በርዝመቱ ወደ አምባሩ ስፋት ስለሚተኛ ስፋቱ 2.6 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። በርዝመቱ በእያንዳንዱ ዓምድ 106 ገደማ ዶቃ ይገባል። በጠቅላላ ከ2,100 በላይ ነው። አንድ ግራም 200 ገደማ ስለሚይዝ 11 ግራም ይበቃል። ለተማሪ ኪት፣ ማለትም የሥራው ዕቃ የያዘ ጥቅል፣ ሲዘጋጅ 12 ወይም 13 ግራም ይደረጋል፤ የተጣመመ፣ የቀጠነ፣ ምንጣፍ ላይ የሚጠፋ አይታጣም።

መመሪያ መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እያንዳንዱ ሥዕል አንድ እርምጃ ብቻ ያሳይ። አዲሱ ክር በደማቅ፣ የቀድሞው በፈዛዛ ይሳል። ክሩ የሚነሳበት ነጥብ ምልክት ይደረግበት። «እንደ ቀድሞው ይቀጥሉ» የሚለው ሐረግ ብዙ ሰው አሳስቷል፤ ከየት እስከ የት ነው የሚቀጠለው? በክብ ፔዮት እያንዳንዱ ዙር ሲያልቅ መርፌው በዚያው ዙር የመጀመሪያ ዶቃም ማለፍ አለበት። ይህች እርምጃ በየዙሩ አንድ ቦታ ትሸሻለች። አንዴ ከተረሳች ሥራው ሁሉ ይዛባል። እኔ በየዙሩ ደግሜ እጽፋታለሁ። መደጋገም ያስጠላል የሚል ሰው በክብ ፔዮት ያልተቸገረ ነው።

ከዚያ ሞካሪዎች ይመጣሉ። ንድፉን አይተው የማያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ጽሑፉን ብቻ ይዘው ይሠራሉ። ነዳፊው አጠገባቸው ባይሆን ይሻላል። አንድ ጊዜ ሦስት ሞካሪዎች አንድ እርምጃ ላይ ቆሙብኝ። መጀመሪያ እነሱ ያልገባቸው መስሎኝ ነበር። ጽሑፌን ሳነበው መርፌው በየት በኩል እንደሚወጣ አልተናገርኩም። እጄ ያውቀው ስለነበር አፌ ዘለለው።

ክፍል ውስጥ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ለመጀመሪያ ትምህርት ከስምንት ሰው በላይ አልይዝም። ዶቃ እንዳይንከባለል ለእያንዳንዱ ለስላሳ ጨርቅ ይነጠፋል። ብርሃን ከጎን ይመጣል፣ ማጉያ መነጽር ይዘጋጃል። ግራኝ ተማሪ ካለች ፊት ለፊቴ አስቀምጣታለሁ፤ እጄን እንደ መስታወት ታየዋለች። ሰው ሲሳሳት ሥራውን ከእጁ ቀምቶ ማስተካከል ትልቅ ፈተና ነው። ቶሎ ይሆናል፣ ግን አይማርም። መርፌውን እሱ ይዞ እኔ በቃል ብነግረው ይሻላል። ትርፍ ዶቃ ማውጣትንም አሳያለሁ። ቀዳዳው ውስጥ ወፈር ያለ መርፌ ይገባል፣ ከዚያ ዶቃው በፒንሳ ይሰበራል። መርፌው ስብርባሪው ክሩን እንዳይቆርጥ ይከላከላል። ዓይን መሸፈን ግዴታ ነው።

አንድ አጭር ትምህርት ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ለማየት የባልቲሞሯን አርቲስት ጆይስ ስኮትን ማንሳት ይበቃል። ፔዮትን የተማረችው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ አሜሪካ ሜይን ግዛት ውስጥ በሚገኘው የሄይስታክ የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ስፌት ስለ ዘርና ስለ ዓመፅ የሚናገሩ ቅርጻ ቅርጾችን ሠራች። እ.ኤ.አ. በ2016 የማክአርተር ፌሎው ሆነች፤ ይህ በአሜሪካ ለፈጠራ ሰዎች የሚሰጥ ትልቅ ሽልማት ነው።

የባለቤትነት ነገር ስሱ ነው። ስፌት የማንም አይደለም፤ የሺህ ዓመታት ውርስ ነው። የተጻፈ መመሪያና የተሳለ ሥዕል ግን የጻፈው ሰው ነው። የገዙትን መመሪያ ፎቶ ኮፒ አድርጎ ማደል ትክክል አይደለም። የሌላ ሰውን ንድፍ ለማስተማር ፈቃድ ይጠየቃል፤ ክፍል ሲከፈትም ስሙ ይጠራል። ብዙዎቹ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል።

በክፍሌ ሁሌ የመጨረሻው ሥራ 14 ሚሊ ሜትር ሪቮሊ ማቀፍ ነው። ሪቮሊ ከፊትም ከኋላም ሾጠጥ ያለ ክብ ክሪስታል ነው። 36 ዴሊካ ይሰካና በክብ ይታሰራል። በፔዮት አንድ ዙር ይጨመራል፣ ከዚያ ሁለት ዙር በ15/0። ትንንሾቹ ዶቃዎች ጠርዙን ወደ ውስጥ ይስቡታል፤ ሳህን ይሆናል። ክሪስታሉ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ይገባል። በአውራ ጣት ተይዞ በሌላው በኩል እንደዚያው በ15/0 ይጠብቃል። ሁለተኛው ዙር ላይ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ አንዷ አውራ ጣቷን ታነሳለች፣ ትገለብጠዋለች፣ ትነቀንቀዋለች። ክሪስታሉ ካለበት አይነቃነቅም።