የአየርላንድ «ፓሪሽ» አንድ አይደለም

የአየርላንድ ዘሩን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚደናገረው «ፓሪሽ» በሚለው ቃል ነው። እኛ አጥቢያ የምንለው ነው። ግን እዚያ አንድ መንደር ሁለት ዓይነት ፓሪሽ ውስጥ ይገኛል። አንደኛው «ሲቪል» ይባላል፤ የመሬትና የግብር መዝገብ የሚከተለው እሱን ነው። ሌላው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ነው። ወሰናቸው ብዙ ጊዜ አይገጥምም፤ ስማቸውም ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ከግብር መዝገብ ያገኛችሁትን ስም ይዛችሁ የክርስትና መዝገብ ብትፈልጉ ባዶ እጃችሁን ልትመለሱ ትችላላችሁ። መጀመሪያ መንደሩ የየትኛው የካቶሊክ አጥቢያ እንደሆነ አጣሩ።

ልፋቱ አያስቆጭም። መንግሥት የሁሉንም ሰው ልደት መመዝገብ የጀመረው በ1864 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ለካቶሊክ ቤተሰብ ዋናው ማስረጃ የክርስትና መዝገብ ነው። የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የእነዚህን መዝገቦች ምስሎች በ2015 በነፃ ኢንተርኔት ላይ ለቋል። ብዙው በላቲን ስለተጻፈ ጄምስ «ያኮቡስ»፣ ዊሊያም «ጉሊየልሙስ» ሆኖ ይመጣል። አደራ፣ የክርስትና አባትና እናት ስም አትዝለሉ። ብዙ ጊዜ ዘመድ ሆነው ይገኛሉ።

የዲኤንኤ ምርመራስ? የአያት ስም አይነግራችሁም። ከሌላ ተመርማሪ ጋር የምትጋሩትን የዲኤንኤ መጠን ሴንቲሞርጋን በሚባል መለኪያ ይሰጣችኋል። 850 አካባቢ ከሆነ የአጎት ወይም የአክስት ልጅ ሊሆን ይችላል። 30 ከሆነ ግን ሩቅ ዘመድ ነው፤ በቁጥሩ ብቻ ዝምድናውን መለየት አይቻልም። ያኔ ሰውየውን «አያቶችህ ከየትኛው መንደር ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱን ይዛችሁ ወደ መዝገቡ ትመለሳላችሁ።